የሳላማንካ ማዕድ፦ ስፓኒሽ በምሳ ሰዓት

(የጊታር ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንዶች፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ሳላማንካ በምዕራብ ስፔን፣ ቶርሜስ በሚባል ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የተማሪ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው በ1218 ነው፤ ዛሬም ከሚያስተምሩት የስፔን ዩኒቨርሲቲዎች አንጋፋው እሱ ነው። የስፓኒሽ ቋንቋ የመጀመሪያው የታተመ ሰዋስውም በ1492 የወጣው ከዚችው ከተማ ነው። ጸሐፊው አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በዚያው ያስተማረ ሊቅ ነበር። በዚህ ዝግጅት የሚነሡት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፓኒሽ ለመማር ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣ ወጣት ዛሬም ከተማዋን ይሞላታል። ጠዋት ክፍል ይገባል፣ ግስ ያረባል፣ መልመጃ ይሠራል። ከዚያ የምሳ ሰዓት ይደርሳል።

ታዲያ አድማጮች፣ ተማሪው ደብተሩን ሲዘጋ ትምህርቱም አብሮ ይዘጋል?

አይዘጋም። ጠዋት ሰሌዳ ላይ የነበረው ግስ ነፍስ የሚዘራው ከዚያ በኋላ፣ ሰው ሲርበው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በመጀመሪያ የሰዓት ነገር። በሳላማንካ ምሳ የሚበላው በስንት ሰዓት ይመስላችኋል? በ6 ሰዓት? በ7 ሰዓት? በ7 ሰዓት ምግብ ቤት የገባ እንግዳ ባዶ ወንበርና ገና ጠረጴዛ የሚያነጥፍ አስተናጋጅ ነው የሚያገኘው። ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ እስከ 9 ሰዓት ተኩልም ይዘልቃል። እራት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ አንዳንዴም 4 ሰዓት ላይ ነው። ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ ነው፤ ስፔናዊው የእኛን 8 ሰዓት “ላስ ዶስ” ይለዋል፣ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ስፔን በ1940፣ በአምባገነኑ በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን፣ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት አዙራ በዚያው ቀረች። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ በሳላማንካ ሰማይ ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣው ሰዓቱ 8 ከ20 ገደማ ሲል ነው። ሰዓቱ ይቸኩላል እንጂ ሰዉ የሚበላው ፀሐይዋን ጠብቆ ነው። ሰዓቱን ከፀሐይ መውጫ ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ሆድ ግን እስከ 8 ሰዓት አይታገሥም። ለዚህ መላ አላቸው። ማለዳ ቡና በወተትና የተጠበሰ ዳቦ ይበላል፤ ዳቦው ላይ የተፈጨ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ይፈስበታል። ረፋዱ ላይ፣ በትምህርት እረፍት፣ ተማሪውም አስተማሪውም ወደ ቅርብ ባር ይወርዱና አንድ ቁራሽ “ቶርቲያ” ይበላሉ። የስፔን ቶርቲያ በእንቁላል የተጋገረ ወፍራም የድንች ጥብስ ነው። በሜክሲኮ ግን በዚሁ ስም የሚጠራው ከበቆሎ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። አንድ ቃል ውቅያኖስ ሲሻገር ሌላ ምግብ ሆነ ማለት ነው።

(ድምፅ፦ የባር ጫጫታ፣ የስኒ ድምፅ፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል)

አቅራቢ፦ ባር ውስጥ ቡና እንዴት ይታዘዛል? ይህን ሁለተኛው ድምፅ ይበለው።

ሁለተኛ ድምፅ፦ “ሜ ፖኔ ኡን ካፌ፣ ፖር ፋቦር?”

አቅራቢ፦ ቃል በቃል “አንድ ቡና ያስቀምጡልኛል?” እንደማለት ነው። እዚህ ላይ “ሜ” የምትለዋ ትንሽ ቃል ትስተዋል። በአማርኛ “አምጣልኝ” ሲባል መጨረሻ ላይ ያለችው “ልኝ” የምትሠራውን ሥራ ነው የምትሠራው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን አስቦበት አያውቅም እንጂ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠቀምበት ኖሯል።

ሌላም አለ። “ምስር ይጥመኛል” ስንል የሚጥመው ማነው? ምስሩ ነው። ሰውየው ተቀባይ ነው። ስፓኒሽም እንዲሁ ነው የሚለው።

ሁለተኛ ድምፅ፦ “ሜ ጉስታን ላስ ሌንቴኻስ።”

አቅራቢ፦ “ሌንቴኻስ” ምስር ነው፤ “ጉስታን” ይጥማሉ ነው፤ “ሜ” ደግሞ ለእኔ። “እኔ ምስር እወዳለሁ” በሚል ሥርዓት ያደገ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ በዚህ ዓረፍተ ነገር ለወራት ሲደናገር ይታያል። አማርኛ ተናጋሪ ግን “ይጥመኛል” የሚለውን ቢያስታውስ ይበቃዋል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል ስለሚማር ይህን የራሱን መንገድ ትቶ በሌላ ሰው ጠመዝማዛ መንገድ ይሄዳል።

ሁሉም ግን አይገጥምም። በአማርኛ “ራበኝ” ይባላል። በስፓኒሽ “ቴንጎ አምብሬ”፣ “ረሃብ አለኝ” ነው። ይህ በቃል መያዝ ያለበት ነው።

(አጭር ዝምታ)

ድምፁስ? “ኝ” የምትለዋን ድምፅ ለማውጣት ብዙ የውጭ ተማሪ ይቸገራል፤ የአገሩ ስም “ኤስፓኛ” ውስጥ አለች። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን የፊደሉ አንድ ዘር ናት። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ። በአማርኛ “አለ” ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ይገኛል። በስፓኒሽ “ፔሮ” “ሮ” ላልቶ ሲነገር “ግን” ነው፤ “ሮ” ጠብቆ፣ ምላስ ተርገፍግፎ ሲነገር “ውሻ” ነው።

(አቅራቢው ሁለቱን ቃላት ሁለት ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ይደግማል)

አቅራቢ፦ ነጥቡ ይደገም፦ “ሜ” እንደ “ልኝ”፤ “ሜ ጉስታ” እንደ “ይጥመኛል”፤ ረሃብ ግን “አለኝ”።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ገበያ። ከከተማዋ ትልቅ አደባባይ፣ ከፕላሳ ማዮር፣ አጠገብ በብረትና በጡብ የተሠራ የቆየ የገበያ አዳራሽ አለ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ አይብ፣ ፍራፍሬ በየመደቡ ይሸጣል። ከአንድ ሥጋ ሻጭ ፊት አምስት ሴቶች ቆመዋል እንበል፤ አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ፣ ሁለቱ እያወሩ። ሰልፍ የለም። ታዲያ ተራ እንዴት ይያዛል?

ሁለተኛ ድምፅ፦ “ኪዬን ኤስ ኤል ኡልቲሞ?”

አቅራቢ፦ “የመጨረሻው ማነው?” ተብሎ ይጠየቃል። አንዷ “ዮ”፣ እኔ፣ ትላለች። አዲስ የመጣው ተማሪ ከእሷ ቀጥሎ ነው፤ ሌላ ሰው ሲመጣ ደግሞ “ዮ” የሚለው እሱ ይሆናል። ሰልፉ በዓይን አይታይም፤ ያለው በቃል ነው። ይህን ሳይጠይቅ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ወይ ተራው ያልፈዋል ወይ የሰው ተራ ወስዶ ይገሠጻል።

ሚዛኑም የራሱ ቋንቋ አለው። “ኩዋርቶ ኢ ሚታድ” ሲባል “ሩብና ግማሽ” ይመስላል። ስንት ግራም ይሆን? ሩብ ኪሎ 250 ግራም ነው፤ የሩቡ ግማሽ 125 ነው፤ ተደምሮ 375 ግራም። በመማሪያ መጽሐፍ እምብዛም የማይገኝ፣ በገበያ ግን በየዕለቱ የሚሰማ አነጋገር ነው።

(ድምፅ፦ የገበያ ሁካታ፤ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ 8 ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ምሳ ደረሰ። ለተማሪ ኪስ የሚስማማው “ሜኑ ዴል ዲያ”፣ የዕለቱ ምሳ፣ ነው። በቁርጥ ዋጋ መጀመሪያ ሾርባ ወይም ጥራጥሬ፣ ቀጥሎ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ዳቦና መጠጥ፣ በመጨረሻም ጣፋጭ ወይም ቡና ይቀርባል። ልማዱ የተስፋፋው በ1960ዎቹ መንግሥት ለቱሪስቶች በቁርጥ ዋጋ የሚቀርብ ምሳ እንዲኖር ደንብ ካወጣ ወዲህ ነው። የምግቡ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ እሱን ቆሞ ማንበብ ለጀማሪ ጥሩ መልመጃ ነው።

በሳላማንካ ዙሪያ ያለው ላ አርሙኛ የሚባለው ሜዳ በምስሩ የታወቀ ነው። ምስሩ ሳይከካ ከነልጣጩ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቀይ በርበሬ ዱቄት ጋር ይሠራል። ዱቄቱ “ፒሜንቶን” ይባላል፤ ስመ ጥር የሆነው ላ ቬራ ከምትባለው አካባቢ የሚመጣው፣ በኦክ እንጨት ጭስ የደረቀው ነው። መልኩ በርበሬ ነው፤ ሽታው የጭስ ነው። “ዱልሴ” የተባለው ዓይነት ምንም አያቃጥልም። በርበሬ ወደ አውሮፓም ወደ አፍሪካም የመጣው ከአሜሪካ ምድር ስለሆነ፣ የላ ቬራው ዱቄትና የእኛ በርበሬ ከአንድ አገር የወጡ ዘመዳሞች ናቸው።

የአካባቢው ኩራት ግን የአሳማ ሥጋ ነው። ከሳላማንካ በስተደቡብ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጊኹዌሎ የምትባል ከተማ አለች። የአየሯ ብርድና ድርቀት የአሳማ እግር በጨው ተይዞ ቀስ እያለ እንዲደርቅ ይመቻል። “ኻሞን” የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ አሳማ የማይበላ ተማሪ ምን ይሁን? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ተማሪ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥመው ጉዳይ ነውና።

“ሥጋ የለውም” የተባለ ምስር ውስጥ ቋሊማ ሊገኝ ይችላል። ማታለል አይደለም። ለብዙ ስፔናዊ “ካርኔ”፣ ሥጋ፣ ማለት ለብቻው ተቆርጦ የሚቀርበው ነው፤ ለማጣፈጫ የገባች ቁራጭ ኻሞን ከቅመም ነው የምትቆጠረው። ስለዚህ አጠያየቁ ዝርዝር መሆን አለበት።

ሁለተኛ ድምፅ፦ “ዬባ ቾሪሶ? ዬባ ኻሞን?”

አቅራቢ፦ ቋሊማ አለበት? ኻሞን አለበት? ለራስ ሲነገር ደግሞ “ኖ ኮሞ ሴርዶ”፣ አሳማ አልበላም። “ኮሞ” ብቻውን “እበላለሁ” ነው፤ “እኔ” ማለት አያስፈልግም፤ እንደ አማርኛው ሁሉ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ አለ።

ጾምስ? “አዩኖ” የሚል ቃል አላቸው፤ የሚሰጠው ስሜት ግን ምግብ ጨርሶ አለመቅመስ ነው። “በአዩኖ ላይ ነኝ” ያለ ሰው ምሳው ይቀርበታል። የተሻለው አነጋገር “ኖ ኮሞ ካርኔ፣ ኒ ሌቼ፣ ኒ ኡዌቦስ” ነው፦ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አልበላም። የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም በዓርብ ሥጋን ይከለክላል እንጂ ወተትና እንቁላልን አይከለክልም። በዚያ ሰሞን ሽምብራ፣ ስፒናችና በጨው የደረቀ ዓሣ በአንድ ድስት ይሠራል፤ “ፖታኼ ዴ ቪኺሊያ” ይባላል። ዳቦ በወተት ተነክሮ፣ እንቁላል ተቀብቶ፣ ተጠብሶና ስኳር ተነስንሶበት የሚበላው “ቶሪኻ” የሚባል ጣፋጭም የዚያው ወቅት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ምሳው ተበላ፤ ሳህኑ ተነሣ። ሰዉ ግን አልተነሣም። ለምን?

ከምግብ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚቀጥለው ጨዋታ “ሶብሬሜሳ” የሚባል የራሱ ስም አለው። ቡና ይመጣል፤ ወሬው ከፖለቲካ ወደ ቤተሰብ፣ ከቤተሰብ ወደ እግር ኳስ ይዞራል። ግማሽ ሰዓት፣ እሑድ ከሆነ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲጠጣ ያደገ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ የሚጎድለው ጀበናው ብቻ ነው።

ተማሪ ስፓኒሽን በእርግጥ የሚማረው እዚህ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ስህተትን ጠብቆ ያርማል። በሶብሬሜሳ ማንም አያርምም፤ ግን ሰዎች እርስ በርስ ንግግር ሲያቋርጡ፣ ሲስቁ፣ ያለፈ ታሪክ ሲያወሩ ያለፈ ጊዜ ግስ በየደቂቃው ይሰማል። ከአንድ ቤተሰብ ጋር የሚኖር ተማሪ ምሳውን ጨርሶ ወደ ክፍሉ ቢሮጥ የበላውን ያህል እንኳ አልተማረም። ቃሉ ባይገባውም ቢቀመጥ ይሻለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ቀልዱ በየት በኩል እንደመጣ መስማት ይጀምራል።

የቤቲቱ እመቤት በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆኑ መጀመሪያ “ኡስቴድ”፣ እርስዎ፣ ይባላሉ። ብዙ ሳይቆዩ ግን “ቱ በለኝ” ማለታቸው አይቀርም። በስፔን አንቱታ ከእኛ አገር ይልቅ ቶሎ ይቀራል፤ ተማሪ አስተማሪውን እንኳ አንተ ይላል። ለኢትዮጵያዊ አፍ ይህ ከግስ እርባታ ሁሉ ይከብዳል። ንቀት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የቅርበት ምልክት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

ምግብ ቤት ውስጥም አስተናጋጁ ሒሳብ ካልተጠየቀ አያመጣም። ረስቶ አይደለም፤ ሳይጠየቅ ማምጣት “ተነሡልኝ” እንደማለት ስለሚቆጠር ነው። “ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቦር” ሲባል ያመጣል።

(የክራር መሰል የአውታር ሙዚቃ፤ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ከምሳ በኋላ ከተማዋ ራሷ ትነበባለች። ከቪያማዮር በሚመጣ ወርቃማ ድንጋይ ስለተሠራች ወደ ማታ ፀሐይ ስታርፍባት ማር ትመስላለች። በዩኒቨርሲቲው ግንብ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፉ ምልክቶች ይታያሉ፤ የጥንት ዶክተሮች ሲመረቁ የበሬ ደም በተቀላቀለበት ቀለም የጻፉት “ቪክቶር” የሚል ምልክት ነው። በዋናው በር የፊት ገጽ ላይ ከተቀረጹት ብዙ ምስሎች መካከል የራስ ቅል ላይ የተቀመጠች ትንሽ እንቁራሪት አለች። ያለ ማንም እርዳታ ያገኛት ተማሪ ፈተና ያልፋል ይባላል።

ወደ ወንዙ ሲወረድ በሮማውያን ድልድይ አጠገብ ራስ የሌለው የድንጋይ በሬ ቆሟል። በ1554 የታተመው “ላሳሪዮ ዴ ቶርሜስ” የሚባለው ልብ ወለድ ዋና ታሪኩ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ደራሲው ስሙን አልገለጸም። አንድ ድሀ ልጅ ለዓይነ ስውር ለማኝ መሪ ሆኖ ይቀጠራል። ሽማግሌው “ጆሮህን በሬው ላይ አድርግ፣ ድምፅ ትሰማለህ” ይለውና ጭንቅላቱን ከድንጋዩ ጋር ያጋጨዋል።

መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የረሃብ መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ቦታ ሁለቱ የወይን ዘለላ ያገኛሉ፤ ተራ በተራ አንድ አንድ ፍሬ ሊበሉ ይስማማሉ። ዓይነ ስውሩ ሁለት ሁለት ማንሣት ይጀምራል። ልጁም ዝም ብሎ ሦስት ሦስት ይበላል። ወይኑ ሲያልቅ ሽማግሌው “ሦስት ሦስት በልተሃል” ይለዋል። እንዴት አወቀ? እሱ ሁለት ሁለት ሲበላ ልጁ አልተቃወመምና! ይህን በቀላሉ የተዘጋጀ እትም ገዝቶ በዚያው ድልድይ ላይ ማንበብ ለመካከለኛ ተማሪ ትልቅ ደስታ ነው።

ሲመሽ ሰው የሚቀጣጠረው “ዴባኾ ዴል ሬሎኽ”፣ ከሰዓቱ ሥር፣ ነው፤ በፕላሳ ማዮር፣ በ1755 በተጠናቀቀው አደባባይ። ከዚያ ባር ለባር መዞር ይጀመራል። በየባሩ አንድ መጠጥና “ፒንቾ” የሚባል ትንሽ ሳህን ይቀርባል፤ ሰው ቆሞ ይበላና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አልኮል የማይጠጣ ሰው “ሞስቶ”፣ ያልፈላ የወይን ጭማቂ፣ ቢያዝ የሚደነቅ የለም። ጥቁር ካባ የለበሱ፣ ባለ ሪባን የተማሪ ዘፋኞችም፣ “ቱና” የሚባሉት፣ አንዳንዴ አደባባዩን ያደምቁታል። ለጀማሪ ግን ይህ ሰዓት ከባድ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጠብ ይመስላል፣ ጠብ ግን አይደለም። መጀመሪያ ምሳውን መልመድ፣ ከዚያ ማታውን መድፈር ይሻላል።

(ድምፅ፦ የወንዝ ውኃ፣ ከሩቅ የሰዎች ሳቅ)

አቅራቢ፦ በመጨረሻ የከተማዋ የራሷ በዓል። “ሉኔስ ዴ አጉዋስ”፣ የውኆች ሰኞ፣ ይባላል፤ በእነሱ ፋሲካ አቆጣጠር ከዳግማ ትንሣኤ ማግስት የሚውል ሰኞ ነው። በስፔን ንጉሥ በዳግማዊ ፊሊፕ ዘመን በዐቢይ ጾም የከተማዋ ሴተኛ አዳሪዎች ከወንዙ ማዶ እንዲቆዩ ይደረግ ነበር፣ ጾሙ ሲፈታ ተማሪዎች ምግብ ይዘው ሊቀበሏቸው ይወጡ ነበር ይባላል። ዛሬ ቤተሰብና ጓደኛ በወንዙ ዳር ሣር ላይ ምንጣፍ አንጥፎ “ኦርናሶ” የሚበላበት ቀን ነው። ኦርናሶ በቋሊማ፣ በአሳማ ሥጋና በእንቁላል የተሞላ ክብ ዳቦ ነው።

አሳማ የማይበላ ተማሪ ቶርቲያ ይዞ ይሄዳል፤ ማንም ምን ጎደለው አይልም። በመንገዱ ላይ የሚበሉ አረጋውያን ሲያይ ምን ይላል? የቀድሞ ሰዎች ምግብ ላይ ሆነው አላፊ ሲያዩ “ጉስታ?” ይሉ ነበር፤ እኛ “እንብላ” እንደምንለው። በአንዳንድ ሽማግሌዎች አፍ ዛሬም ይሰማል። መልሱ አንድ ነው።

ሁለተኛ ድምፅ፦ “ኬ አፕሮቤቼ!”

አቅራቢ፦ ይስማማዎት።

(ጊታር ከፍ ይላል፤ ያበቃል)